መስኮቱን ዝጋው!

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሰበታ በሚነሣ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው፣ ዓለም ገና ሳይደርስ የመንገደኛውን ሁሉ ታሪክ ያውቃል። ማንም አላጫወተውም፤ አፍንጫው ነግሮት ነው። ከጎኔ የተቀመጡት እናት እንጀራ ሲጋግሩ አድረዋል፤ ነጠላቸው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጢስ እስኪበቃው ጠጥቷል። ከፊቴ ያለው ጎልማሳ ትናንት ጠጅ ቤት አምሽቶ፣ ዛሬ በማስቲካ ሊሸፍነው እየታገለ ነው። ከኋላ የተቀመጠችው ሴት በፌስታል የያዘችው ቅቤ ለጋ አይደለም፤ «ለጋ ነው» ብላ የምታስረክባት ዘመዷ ግን አዲስ አበባ ላይ ምጣዷን ጥዳ እየጠበቀቻት ይሆናል። በሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት ወጣት አለች። ሥራ የምትጀምርበት ቀን ይሁን ወይም ሌላ ቀጠሮ ይኑራት አላውቅም፤ ብቻ የሽቶ ጠርሙሷን ግማሽ ልብሷ ላይ ገልብጣው መጥታለች።

አራቱ ሽታዎች በየተራ ቢመጡ ኖሮ ችዬ እቀመጥ ነበር። ተባብረው ሲመጡ ግን ወለቴ ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እጄን ቀስ አድርጌ ወደ መስኮቱ ሰደድኩ። ሁለት ጣት እንኳ ሳይከፈት ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«የኔ ልጅ፣ መስኮቱን ዝጋው! ንፋስ ይመታኛል።»

ዘጋሁት። በእኛ አገር ሽታ የመታው ሰው ተሰምቶ አይታወቅም፤ ንፋስ ግን በየቀኑ ይመታል። የጎን ውጋት የንፋስ ነው፣ የአንገት መጣመም የንፋስ ነው፣ ጉንፋንም ቢሆን የንፋስ ታናሽ ወንድም ነው። ስለዚህ አሥራ አራት ሰዎች ተፋፍገን፣ የእርስ በርሳችንን ሽታ እየተካፈልን፣ ከንፋስ ተጠብቀን አየር ጤና ደረስን። አየር ጤና! ስሙን ያወጣው ሰው በሚኒባስ እንዳልመጣ እርግጠኛ ነኝ።

በዚህ መንገድ ብዙ ዓመት ስለተመላለስኩ ዓይኔን ጨፍኜም የት እንዳለሁ አይጠፋኝም። ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ብቅል የሚያፈላ ቀን፣ ሰበታ በሙሉ ለክርስትና ጠላ የጠመቀ ቤት ይመስላል፤ ሰው በባዶ ሆዱ ሞቅ ይለዋል። ትንሽ ዝቅ ሲሉ የቆዳ ፋብሪካ አለ። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም፤ እሱ ራሱ ስለራሱ ይናገራል። ቡራዩ የሚኖር ወዳጄ ደግሞ የእነሱ መንገድ ዝናብ ካባራ በኋላ የረጠበ ባሕር ዛፍ እንጂ ሌላ እንደማይሸት ይምልልኛል። የሱሉልታ ሰው ከሆነማ አይቻልም፤ ጥቅምት ላይ የሜዳው ሣር ታጭዶ ድርቆሽ ሲከመር ከእንጦጦ ቁልቁል ላይ ሆኖ ይሸተናል ብሎ ይኮራብሃል። የድርቆሽ ሽታ ላም ለሚያልቡ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ፣ ወተታቸውን ከጠጣሁ በኋላ ነው።

አማርኛችን ለሽታ ጨካኝ ነው። «ይታያል» ስድብ አይደለም፤ «ይሰማል» ስድብ አይደለም። «ልብስህ ይሸታል» ያልከው ሰው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ያኮርፍሃል። ምን እንደሚሸት እኮ አልነገርከውም! ቃሉ ብቻውን ከቆመ ፍርድ ነው። ለምስጋና ከፈለግኸው «ጥሩ» የሚል ጠበቃ ታቆምለታለህ፤ አንድ ጠበቃም አይበቃውም፣ «ጥሩ ጥሩ ይሸታል» ብለህ ሁለት ታደርግለታለህ። ለክፉው ገማ፣ ከረፋ፣ ጠነባ፣ ቀረና እያልን እንደረድራለን። ለመልካሙ «አወደ» የምትል ቆንጆ ቃል አለችን፤ የምናወጣት ግን ለበዓል ነው። «መዓዛ» ከአፍንጫ ሥራ ወጥታ የሴት ልጅ ስም ሆናለች። ናርዶስም እንዲሁ። ናርዶስ የሚባለው ሽቶ በሂማላያ ተራሮች ከሚበቅል ተክል ሥር እንደሚወጣ ሳያውቅ፣ ስንቱ አባት ልጁን ናርዶስ ብሎ አስጠመቀ።

ስንጣላም መሣሪያችን አፍንጫ ነው። የናቅነውን «አፍንጫህን ላስ!» እንለዋለን። የመረረንን ነገር «በአፍንጫዬ ይውጣ!» ብለን እንምልበታለን። ተንኮል ሲታሰብብን ደግሞ ማስረጃ አንጠብቅም፤ «ነገሩ ሸቶኛል» ካልን ጉዳዩ አልቋል። ይህን ያህል በአፍንጫው የሚያስብ ሕዝብ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ አፍንጫ እንዳልፈጠረበት ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ይሉኝታ ነው።

ወደ ጫካው ልውሰዳችሁ። ከሰበታ በላይ፣ በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊ ትከሻ ላይ የመናገሻ ሱባ ጫካ አለ። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ፣ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይላል። እዚያ ገብቶ የወደቀ የጥድ ግንድ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ አንድ የሚያውቀው ሽታ ይመጣበትና ከየት እንደሚያውቀው ግራ ይገባዋል። እኔ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። የአንደኛ ክፍል ሽታ ነው! እርሳስ ስንቀርጽ የሚወጣው። ፈረንጆቹም ጥዳችንን «የአፍሪካ የእርሳስ ጥድ» ይሉታል፤ እንጨቱ እርሳስ ይሠራበት ስለነበር ነው።

ጫካውን ያየሁት ግን ለጥዱ ብዬ አልነበረም፤ ለጥርኝ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ ጫካ ውስጥ ጥርኝ በጠረኑ እንዴት ምልክት እንደሚያደርግ አጥንተው በ2008 እ.ኤ.አ. ማሳተማቸውን ሰምቼ፣ ሰፈሬ ውስጥ ሽቶ ፋብሪካ እያለ እኔ የማላውቅ መሆኔ አናደደኝ። ጥርኝ ሌሊት የሚወጣ እንስሳ ነው። ድመት ይመስላል እንጂ ከድመት ቤተሰብ አይደለም። ጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት የሚወጣውን ዝባድ መንገድ ዳር ባለ ግንድ ላይ ያሽና ይሄዳል። «እዚህ ነበርኩ» ማለቱ ነው። ሌሎቹ መጥተው ያሸቱታል፤ ማን እንደሆነና መቼ እንዳለፈ ያነቡታል። እኛ በረኛና አጥር የምናቆምበትን ሥራ እሱ በአንድ ማሸት ይጨርሰዋል።

አብሮኝ የነበረው የአካባቢው ሰው አንድ ግንድ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለና «ይኸውልህ» አለኝ። ከመሬት ብዙ ያልራቀ፣ ጥቁር ቡናማ የሆነ፣ ሰም የመሰለ ነገር ቅርፊቱ ላይ ተለጥፏል። ትኩስ ሲሆን ቢጫ ቅቤ ይመስላል፤ አየር ሲነካው ነው የሚጠቁረው። አልቻልኩም፤ በጠቋሚ ጣቴ ነካሁትና ወደ አፍንጫዬ አቀረብኩት።

ስድስት ወር ያልተጠረገ በረት ውስጥ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ቢሰቀል ያን ይሸታል። ሰውየው እስኪደክመው ሳቀብኝ።

ጣቴን ጅረት ውስጥ ነከርኩት። ቤቴ ገብቼ በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፣ በአመድ አሸሁት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬ ሶፋው ላይ ነህ» አለችኝ፤ ይግባኝ አልነበረውም። በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና ልታቀብለኝ ጎንበስ ስትል ድንገት ቆም ብላ አየችኝ።

«ምንድን ነው የተቀባኸው?»

«ምንም።»

«አይ፣ ጥሩ ጥሩ ይሸታል።»

ለካ ጠቅላላው የሽቶ ጥበብ ሶፋ ላይ ባደርኩባቸው ሁለት ሌሊቶች ውስጥ ተቋጥሮ ኖሯል። ዝባድ ሲበዛ ግማት ነው፤ ሲሳሳ፣ በጣም ሲሳሳ፣ አበባ አበባ ይላል። ከዚያም በላይ የሌሎቹን ሽታዎች እግር ይዞ ያስቀራቸዋል፤ ቶሎ በንነው እንዳይጠፉ። ለዚህ ነው የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች ያን ሁሉ ዘመን ከእኛ ጥርኝ ጅራት ሥር ያልተለዩት። በ1921 እ.ኤ.አ. ኤርነስት ቦ የቀመመው ሻኔል ቁጥር 5 ውስጥም ዝባድ ነበረበት። በ1926 እ.ኤ.አ. ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ ኬሚስት ዝባዱን ዝባድ የሚያሰኘውን ንጥረ ነገር አወቃቀር ደረሰበት፤ ከእሱና ከመሳሰሉት ምርምሮቹ የተነሣም በ1939 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ሙከራ ውስጥ መሥራት ተቻለ። ሻኔልም ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተፈጥሮውን ትቶ ሰው ሠራሹን እንደሚጠቀም አስታውቋል።

ለዓለም ገበያ ከቀረበው የተፈጥሮ ዝባድ አብዛኛው የወጣው ከኢትዮጵያ ነው፤ ከከፋ፣ ከጅማ፣ ከኢሉባቦር። ከ1825 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. የገዙት የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ዘመን፣ ነጋዴው ዝባዱን ከዝሆን ጥርስና ከባሪያ ጋር አብሮ ወደ ሰሜን ይነዳው ነበር። ዕቃው የበሬ ቀንድ ነው፤ ቀንዱ ውስጥ ይጠቀጠቅና አፉ በቆዳ ይታሰራል። ነጋዴ ነጋዴ ነውና ቅቤ የሚቀላቅልበትም አይጠፋም ነበር። ወንዱ ጥርኝ በወጥመድ ተይዞ፣ ዞር ማለት በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ጎጆ ይታሰራል፤ ሥጋና ገንፎ ይበላል፣ እሳት ይሞቃል፣ ከዘጠኝ ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጅራቱን ተይዞ ይፋቃል። ጫካ ውስጥ ለራሱ ወሬ የሚጽፍበትን ቀለም ነው የሚቀሙት። ሰው ሠራሹ በመምጣቱ ኬሚስቱን አመሰግነዋለሁ፤ የመናገሻዎቹ ጥርኞች ደግሞ ቀለማቸውን ግንድ ላይ እየጨረሱ ነው፤ ደግ አደረጉ።

እኛ ሽቶን በጠርሙስ ከማወቃችን በፊት በጢስ እናውቀው ነበር። ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት መርከቦቿን ወደ ፑንት የላከችው ለእጣንና ለከርቤ ብላ ነው። መርከበኞቹ የከርቤ ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት አድርገው ሲጭኑ ዛሬም ዴር ኤል ባሕሪ በሚገኘው መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ፑንት በትክክል የት እንደነበረ ሊቃውንት ይከራከራሉ እንጂ የእኛው ሰፈር፣ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ መሆኑን የሚጠራጠር ብዙ የለም። ንግሥቲቱ ዛፉን ከሥሩ ነቅላ ወሰደች። እናቴ ግን ለአንድ ስኒ ቡና አንዲት ፍሬ እጣን ብቻ ነው የምትቆጥረው፤ «ሁለት ካደረግሽ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል» ትላለች።

እናቴን ስታጥን ማየት ደስ ይለኛል። እንስራውን መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ፍግፍግ አድርጋ ታጥበዋለች። ከዚያ ደረቅ ወይራ በገል ላይ ታጨስና እንስራውን በአፉ ትደፋበታለች። ጢሱ በዳር በዳር ቀጭን ክር እየሆነ ሲያመልጥ በእርጥብ ጨርቅ ትዘጋዋለች። «እንዲጠጣው ነው» ትለኛለች። በየመሃሉ እያነሣች አፍንጫዋን እስከ ጉንጯ ታስገባና «አልጠገበም» ብላ ትመልሰዋለች። ቴርሞሜትር የለ፣ ሰዓት የለ። የሱሉልታ እናቶችም የወተት ቅላቸውን እንዲሁ ያጥናሉ፤ የዚያ እርጎ አፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀምሰው ምላስ ሳይሆን አፍንጫ ነው። ወይባው ደግሞ አለ፤ ከወሎና ከጎንደር ተነሥቶ አዲስ አበባ የውበት ሳሎን ደርሷል። ሴቶቹ ጋቢ ደርበው ጢሱ ላይ ይቀመጡና ቆዳቸው ወርቅ መስሎ፣ ጠረናቸው ጎዳናውን እያወደ ይወጣሉ። ቀበሪቾም ይጨሳል፤ ለአራስ ቤት፣ ለእባብ፣ ለዓይነ ጥላ፣ ለማይታወቅ ነገር ሁሉ።

ሽታ መድኃኒትም ነው ተብሎ ይታመናል። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ታሽቶ ወደ አፍንጫው ይቀርብለታል። እኔ ስንቴ እንደዳንኩበት አላውቅም፤ ዳማከሴው ይሁን የእናቴ እጅ መለየት አልቻልኩም። መንገድ ላይ ለወደቀ ሰው ክብሪት ጭሮ ማሸተት ግን በፍጹም አይገባኝም። ያ ምስኪን ራሱን ስቶ ሳለ አሥር ሰው ከብቦ አየሩን ይዘጋበታል፤ አሥራ አንደኛው ደግሞ ድኝ ያጨስበታል! ክፈቱለት፣ አየር ይግባለት የሚል አንድ ሰው አይገኝም። ያው የሚኒባሱ ሰዎች ነን።

አሁን ስለ ራሴ ውርደት ልናገር። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ልጅ እግር በካርቶን የተደረደረ ሽቶ ይዞ ተከተለኝ። «ኦርጅናል ነው፣ ከዱባይ ነው፣ ቅመሰው» አለኝ። ሽቶ ይቀመሳል እንዴ ብዬ ሳልጨርስ አንገቴ ላይ ሁለቴ፣ ደረቴ ላይ አንድ ጊዜ ነፋብኝ። የሣጥኑን ጽሑፍ ቀረብ ብዬ ሳየው ከታወቀው ስም አንድ ፊደል ይተርፈዋል። ለባለቤቴ ብዬ ተከራክሬ ገዛሁት። ታክሲ ውስጥ ስገባ ሽታው ቀነሰ ብዬ እኔው ራሴ ጨመርኩበት። አፍንጫ የገዛ ራሱን ሽታ ቶሎ ይለምዳል፤ ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ባለቤቱ ምንም አይሸተውም፣ ጎረቤቱ ግን ይታፈናል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

መንገድ ላይ ስልክ ተደወለ፤ የጎረቤታችን አጎት አርፈዋል። ቀጥታ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት ሽቶ ተቀብቶ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ አልተርክም። ድንኳኑ ጥግ ላይ አንድ ዓይነ ሥውር አዛውንት ተቀምጠዋል፤ እዚሁ ሰበታ መርሐ ዕውራን ተምረው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ጋሼ ናቸው። እግሬ ሳይገባ ቀና አሉ።

«ማን ነው የገባው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እግዜር ያጽናችሁ።»

«አንተ ነህ? እኔ ሙሽራው መጣ ብዬ ደንግጬ ነበር።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከዚያ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከውጭ የመጡት ሰዎች ለቅሶው እንደገና የተቀሰቀሰ መስሏቸው «በቃ፣ በቃ፣ ተጽናኑ» እያሉ ያባብሏቸዋል። እኔ ጥጌን ይዤ አንገቴን ደፋሁ፤ አንገቴ ግን ነበር ዋናው ችግር።

ስንወጣ ጋሼን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤታቸው አደረስኳቸው። «አትቀየመኝ» አሉኝ። «አንተን የማውቅህ በቡናና በጋዜጣ ቀለም ነበር። ሰው ጠረኑን ሲሸፍንብኝ ፊቱን የሸፈነብኝ ያህል ነው።» ያን ሽቶ ለባለቤቴ አልሰጠኋትም። ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ብል እንኳ አይጠጋውም፤ እስካሁን የሰጠው ጥቅም ይህ ብቻ ነው።

የአበባውን ነገር ሳልናገር ብቀር ደግሞ ይቆጨኛል። ከመናገሻ እስከ ሆለታ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ በላስቲክ የተሸፈኑ የአበባ እርሻዎች አሉ። ኢትዮጵያ በአበባ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ጎረቤታችን አንዲት ልጅ እዚያ ትሠራለች። ለውጭ ገበያ አልመጥን ብሎ የተጣለ ጽጌረዳ አንድ እቅፍ አመጣችልኝ። ቀዩ ቀይ፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፤ ፎቶ እንጂ አበባ አይመስልም። አፍንጫዬን ከተትኩበት፤ ምንም። ሌላውን አነሣሁ፤ ምንም። የበረደ ጎመን ያህል እንኳ አይሸትም።

«አይሸትም እኮ» አልኳት።

«እሱ የሚሸተው ውጭ አገር ሲደርስ ነው» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ቀልድ የለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ለገበያ የሚዳቀለው ጽጌረዳ የሚመረጠው በአውሮፕላን ተጉዞ፣ ሱቅ ከርሞ፣ ሳሎን ውስጥ ብዙ ቀን ሳይረግፍ እንዲቆይ ነው፤ ለመልኩና ለዕድሜው ሲባል ሽታው በመንገድ ተረሳ። በ2015 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ለጽጌረዳ ሽታ ትልቅ ድርሻ ያለውን ኤንዛይም ለይተው አሳወቁ፤ ሽታ አልባዎቹ ውስጥ ሥራውን በደንብ አይሠራም። እንግዲህ እናቴ ደጃፍ ላይ ያለው አሪቲ ማንም ሳያጠጣው ያውዳል፤ በማዳበሪያና በኮምፒውተር ያደገው ጽጌረዳ ደግሞ ዝም ይላል። ያን እቅፍ ባለቤቴ ጠርሙስ ውስጥ አኖረችው። ሁለት ሳምንት ሳይረግፍ ቆየ። የቡና ጢስ ጠጥቶ ጠጥቶ በመጨረሻ ቡና ቡና ይሸት ጀመር፤ ከማንም በፊት ያሸተተውም ልጄ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ኮሮና ሲይዘኝ አፍንጫዬ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ጠፋ። ያኔ ቤት ውስጥ ሽሮ ሲያርር አልሸተተኝም፤ ጎረቤት ነው በር አንኳኩቶ የነገረኝ። ቡና ሙቅ ውሃ ሆነብኝ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ታናሽ ልጄን ታቅፌ አንገቷ ሥር ሳሸት ማንን እንደታቀፍኩ አለማወቄ ነው። በሃያኛው ቀን ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ድንገት አንድ ነገር መጣብኝ፤ የበሰበሰ ቅቤ! ከኋላ አንዲት ሴት ፌስታል ይዛለች። ደስ ብሎኝ ዘወር ብዬ ሳምኳት ማለት አልችልም፤ ግን ልስማት ምንም አልቀረኝም ነበር።

የዚያ ሰሞን ፍቅሬ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። ዛሬ ጠዋት እንደገና ያው መንገድ፣ ያው ሚኒባስ። አራቱም ነበሩ፦ የባሕር ዛፉ ጢስ፣ ጠጁ፣ ቅቤው፣ ሽቶው። ያቺ ወጣት የተቀባችውን አሁን አይሸታትም፤ ለዚህ ነው ነገም የምትጨምረው። እጄን ወደ መስኮቱ ሰደድኩ። «የኔ ልጅ፣ ዝጋው» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ነገ ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ የምትሳፈሩ ወገኖቼ፣ ስለ ጥርኙ ብላችሁ፣ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፈቱልን። ንፋስ ቢመታችሁ ዳማከሴ ይዤ እመጣለሁ።